የሐጂ አብዶን ቤት ከጭቃ ስለጠበቃችሁልን

ዓለም ገና፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የዙሪያ ከተሞች ነጻ የቅርስ ጉዳይ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎም ምክትሎችዎም፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በሰበታ ጽሕፈት ቤቶችዎ የሚሠሩ ባልደረቦችዎም ሁሉ በመልካም ጤንነትና ዝናብ በማያስገባ ጣሪያ ሥር እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የዓለም ገና ነዋሪዎች፣ ከምዕራቡ ግድግዳ በስተቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን።

ስሜ አሰጋሽ መኮንን ይባላል። የምኖረው በጅማ መንገድ ዳር፣ ሕዝቡ «የሐጂ አብዶ ሰገነት» በሚለው ባለ ፎቅ የጭቃ ቤት ጓሮ ውስጥ በኪራይ ነው። በሙያዬ የምግብ ፋብሪካ ጥራት መርማሪ ነኝ፤ ያላየሁትን አየሁ፣ ያልለካሁትን ለካሁ ብዬ መፈረም ሥራዬም አመሌም አይደለም። ስለዚህ ከአስተያየት በፊት የተፈጸመውን ብቻ በቅደም ተከተሉ አስቀምጣለሁ፤ ስሕተት ከተገኘበትም እንዲታረምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሚያዝያ 2014፦ የመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያዎች መጥተው ቤቱን ለኩ፣ ፎቶግራፍ አነሡ፣ በቅርስነት መዘገቡት።

ሰኔ 2014፦ በቤቱ ደጃፍ በሁለት የብረት ምሰሶዎች ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ ተተከለ። ሰሌዳው «በባለሥልጣኑ ጥበቃ ሥር ያለ ቅርስ። ማፍረስ፣ መቀየር፣ መጠገን፣ መምረግ በሕግ ያስቀጣል» ይላል።

ጥር 14 ቀን 2015፦ ነዋሪው የዓመቱን ምርጊት ሊጀምር ሲል የመሥሪያ ቤትዎ መኪና ደርሶ አስቆመ።

የካቲት 2015፦ የቤቱ ባለቤት ሐጃ ጀዋሂር አብዶ የምርጊት ፈቃድ ጠየቁ። «ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ይጠብቁ» ተባሉ።

ጥር 2016፦ ጥናቱ አልተጠናቀቀም። ምርጊትም አልተካሄደም።

ግንቦት 2016፦ የውኃ መውረጃ ቦይ የሚቆፍር ተቋራጭ በምዕራቡ ግድግዳ ሥር የነበረውን የመሠረት ድንጋይ በከፊል አነሣ። በዕለቱ ለመሥሪያ ቤትዎ አመለከትን።

ነሐሴ 2016፦ የምዕራቡ ግድግዳ ምርጊት ከላይ እስከ ታች ተገንጥሎ ወደቀ፤ ማገሩ ራቁቱን ቀረ። ሐጃ ጀዋሂር እኔ ወደምኖርባት ክፍል ገቡ። ተከራይ አከራይዋን ስታስጠጋ በዓለም ገና የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ይህን ግን በእርግጠኝነት አላውቅም።

ኅዳር 2017፦ የመሥሪያ ቤትዎ የባለሙያዎች ቡድን መጥቶ፣ ቤቱ «በየዓመቱ ሊደረግለት የሚገባው እንክብካቤ በነዋሪዎች ቸልተኝነት በመቋረጡ ነባር ይዘቱን እያጣ ነው» ሲል ከቅርስ መዝገብ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረበ። ሰሌዳው እስካሁን እንደቆመ ነው።

የተፈጸመው ይኸው ነው። የቀረው ምስጋና ነው።

ምስጋናዬን ከመዘርዘሬ በፊት፣ ምናልባት በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ አጥቶ ይሆናልና፣ ይህ ቤት ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስታውስዎ። ሐጂ አብዶ ቤቱን ያሠሩት ወደ ጅማ የሚወርዱና ከጅማ የሚወጡ ነጋዴዎች በቅሎዎቻቸውን ከታች አስረው ከላይ እንዲያድሩበት ነበር። ምሰሶው ጽድ፣ ግድግዳው ማገርና ጭቃ ነው። እንዲህ ያለ ቤት፣ ባለሙያዎችዎ ከእኔ በተሻለ እንደሚያውቁት፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ቤት አይደለም። በየክረምቱ ዝናቡ ከግድግዳው ድርሻውን ይወስዳል፤ በየዓመቱ ጥር ደግሞ ሰው የተወሰደበትን ይመልስለታል። ቀይ አፈሩ ከወጨጫ ተራራ ሥር፣ የጤፍ ጭዱ ከተፍኪ ይመጣል፤ ሁለቱ በውኃ ተቦክተው ይሰነብታሉ። ከዚያ በአንድ እሑድ ከመስጊዱ ጀመዓ የመጣውም፣ ከቅዳሴ የተመለሰውም፣ ከተፍኪ ጋሪ እየነዳ የደረሰው ገበሬም እጅጌውን ይሰበስባል። በዚያ ቀን ማን ሀብታም ማን ድኻ እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም፤ ሁሉም እስከ ክርኑ አንድ ዓይነት ነው።

ምርጊቱ አንድ ደንብ አለው። የተቦደሰ ግድግዳ ከአንድ ወገን ብቻ አይሞላም፤ አንዱ ከውጭ ሲገፋ ሌላው ከውስጥ ካልደገፈለት ጭቃው በማገሩ መሐል ሾልኮ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ ሐጂ አብዶ ባቆሙት ልማድ መሠረት በዓመቱ ውስጥ ተኳርፈው የከረሙ ሁለት ሰዎች ካሉ ትልቁ ቀዳዳ የእነሱ ነው። አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ይቆማሉ። ለመተያየት አይገደዱም፤ ነገር ግን «ያዝ»፣ «ያዝኩ» ሳይባባሉ ሥራው አይሄድም። ቀዳዳው ተደፍኖም ኩርፊያው ካልበረደ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌዎች ይመራል። እኔ በኖርኩባቸው ዓመታት ወደ ሽማግሌ የተመራ ጉዳይ አላየሁም። ምክንያቱ፣ እንደሚመስለኝ፣ እኩል የቆሸሹ ሁለት ሰዎች ተኮራርፈው መቆየት ስለሚያስቃቸው ነው፤ ይህ ግን አስተያየት እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም።

እንግዲህ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ጥር 14 ቀን 2015 ትልቁ ቀዳዳ የተመደበው ለሁለት ሰዎች ነበር። አንደኛው አክመል ነው፤ የሐጃ ጀዋሂር የወንድም ልጅ ሲሆን በቤቱ ምድር ቤት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ሁለተኛው ኦቦ ቀጄላ ናቸው፤ የተፍኪ ገበሬ ሲሆኑ ከአባታቸው ጀምሮ የዚህን ቤት ጭድ የሚያመጡት እነሱ ናቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አክመል ሌባ ቢያስቸግረው ከሱቁ ጎን ባለው መተላለፊያ ላይ የብረት በር ገጠመ። ኦቦ ቀጄላ በገበያ ቀን ጋሪያቸውን እየነዱ ወደ ወፍጮ ቤት ሊያልፉ ሲሉ በሩ ተቆልፎ ጠበቃቸው። የተባባሉትን እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አክመል «ኦቦ» ማለቱን ትቶ «ያ ሰውዬ»፣ እሳቸውም ስሙን መጥራት ትተው «ባለ ብረቱ» ማለት እንደጀመሩ መግለጽ ይበቃል።

በተባለው እሑድ ጠዋት ኦቦ ቀጄላ ጭዳቸውን አራግፈው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ከውጭ ቆመዋል። አክመልም እያጉረመረመ ከውስጥ ገብቷል። ሐጃ ጀዋሂር ከሰገነቱ ላይ ሆነው «አንተ አክመል፣ እባብ አይደለም ጭቃ ነው፣ ንካው እንጂ!» እያሉ ሰውን ያስቃሉ። የመጀመሪያው እፍኝ ከግድግዳው ላይ ሳይደርስ መኪናዎ ደረሰ። ከቡራዩ እስከ ዓለም ገና ያለውን መንገድና በመካከሉ ያለውን የመኪና መጨናነቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ በእውነት የሚደነቅ ትጋት ነው።

ከመኪናው የወረዱት ባለሙያ አቶ ኪሩቤል ትሑት ሰው ናቸው፤ ይህን አልክድም። ሰሌዳውን ጮክ ብለው አነበቡልን። ሐጃ ጀዋሂር ወርደው «ልጄ፣ ቅርስ ያላችሁትኮ ይኼንኑ ጭቃ ነው፤ ፎቶ ያነሣችሁት ባምናው ጥር እኛ የመረግነውን ነው» ሲሏቸው አቶ ኪሩቤል አንገታቸውን ደፍተው «ሐጃ፣ እኔማ ይገባኛል፤ መመሪያው ግን ጭቃና ሲሚንቶ ብሎ አልለየም» አሉ። ኦቦ ቀጄላ «እንግዲህ ሐኪም እስኪመጣ ለበሽተኛው እህል አትስጡት ነው የምትለን፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ?» ብለው ጠየቋቸው። ኦቦ ቀጄላ እጃቸውን ታጠቡ፤ ጭዱን መልሰው ጫኑ፤ ጋሪያቸውን አዞሩ። አክመልም ከውስጥ ወጥቶ ሱቁን ከፈተ። ያች «ያዝ» ሳትባል ቀረች። የመተላለፊያው ጉዳይ ዛሬ ፍርድ ቤት ነው፤ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮውም ይተላለፋል። ሁለቱ ሰዎች ችሎት ደጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ሁለት ጫፍ እንደሚቀመጡ ሰምቻለሁ፤ በመካከላቸው ግን የሚሞላ ቀዳዳ የለም።

2ኛ. ስለ ነጻነትዎ አመሰግናለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ሲቋቋም ሰበታ ላይ በተደረገው የማስተዋወቂያ ስብሰባ ተገኝቼ ነበር። ከመድረኩ የተነገረውን አስታውሳለሁ፦ ቅርስ ለከተማ አስተዳደር ብቻ ቢተው አስተዳደሩ መንገድ ባስፈለገው ቀን መንገድ ይሆናል፤ ለባለቤቱ ብቻ ቢተው ኪራይ ባማረው ቀን ብሎኬት ይሆናል፤ ለባለሀብት ቢተውማ መጋዘን ከመሆን የሚያግደው የለም፤ ስለዚህ ከሦስቱ ለአንዱም ያልወገነ፣ ሦስቱንም «አይሆንም» ሊል የሚችል፣ ሹመቱም በጀቱም በአንዳቸው እጅ ያልሆነ አካል ያስፈልጋል ተባለ። አጨበጨብኩ። ጭብጨባዬን ዛሬም አልመልሰውም፤ ሐሳቡ ትክክል ነበርና።

በግንቦት 2016 ኤክስካቫተሩ የሐጂ አብዶን የመሠረት ድንጋይ አንሥቶ ከቦዩ ማዶ ሲከምር፣ ይህ ነጻነት የተፈጠረለት ቀን ዛሬ ነው ብዬ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሡት ኃላፊ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያም «እህቴ፣ እኛ ነጻ ተቋም ነን፤ በሌላ አካል ሥራ ጣልቃ አንገባም፤ ነጻነታችንን የሚያስከብረው ይኸው ነው» አሉኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። የኤክስካቫተሩ ነጂም ቢሆን ከቁፋሮው በፊት ስለ ቤቱ የነገረው አካል እንዳልነበረ አስረድቶኛል፤ ሰሌዳውን ስላየው ግን ሰሌዳውን እንዳይነካ ተጠንቅቆ በዙሪያው ቆፍሯል።

ከዚያ ወዲህ የነጻነትዎን ወሰን በጥንቃቄ ለማጥናት ሞክሬያለሁ። ከከተማው አስተዳደር ነጻ ነዎት። ከተቋራጩ ነጻ ነዎት። ከቦዩና ከጎርፉም ነጻ ነዎት። እስካሁን ሥልጣንዎ ሲያርፍባቸው ያየኋቸው ሰዎች አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ፣ አንድ ገበሬና አንዲት ተከራይ ብቻ ናቸው። ክቡር ሆይ፣ ዳኛ ከተከራካሪዎቹ ነጻ መሆን አለበት፤ ነገር ግን ነጻነቱን ለማስከበር ብሎ ከችሎቱ የሚቀር ዳኛ አላየሁም። ለማንም ያልወገነ አካል ለግድግዳው እንኳ ቢወግን ደንብ የሚጥስ አይመስለኝም።

3ኛ. አገር ስላሳዩን አመሰግናለሁ። ሐጃ ጀዋሂር ከጉልበታቸው ሕመም የተነሣ ከመስጊድና ከገበያ ርቀው መሄድ ካቆሙ ቆይተው ነበር። በመሥሪያ ቤትዎ ቸርነት ግን ባለፈው ዓመት የአዲስ አበባን ዙሪያ ጎብኝተዋል። የፈቃድ ክፍሉ ሱሉልታ ነው ስለተባልን ከዓለም ገና በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ አየር ጤና፣ ከዚያ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠን አዲሱ ገበያ፣ ከዚያም ሱሉልታ ደረስን። ሱሉልታ ላይ ፋይሉ ቡራዩ ነው ተባልን። ቡራዩ ላይ ፋይሉ መኖሩ ተረጋገጠልን፤ በእሱ ላይ የሚወስነው ኮሚቴ ሰብሳቢ ግን ሰበታ ናቸው፤ ሰበታ ማለት ከወጣንበት በታች የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሰበታ ስንደርስ ሰብሳቢው ሱሉልታ ለስብሰባ ሄደዋል። ሐጃ ጀዋሂር በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ «አሰጋሽ፣ እንዲያው አባቴ ይኼን ሁሉ መንገድ አውቀውት ቢሆን ቤቱን በየቦታው አንዳንድ ይሠሩ ነበር» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እግራቸው አብጦ ነበር።

4ኛ. በሪፖርቱ ስለተሰጠን ቦታ አመሰግናለሁ። «በነዋሪዎች ቸልተኝነት» የሚለውን ሐረግ ለሐጃ ጀዋሂር ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ አንብቢልኝ አላሉም። እኔ በምሠራበት ላቦራቶሪ አንድ ተቆጣጣሪ ምርቱ እንዳይታሸግ ከልክሎ ሲያበቃ፣ ምርቱ ባለመታሸጉ ተበላሸ፣ ጥፋቱም የአሻጊዎቹ ነው ብሎ ቢጽፍ በማግስቱ ሥራ አይገባም። በእናንተ ዘንድ አሠራሩ የተለየ መሆኑን በአክብሮት እቀበላለሁ።

5ኛ. በመጨረሻም ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። ሰሌዳው በየዓመቱ መስከረም ላይ ቀለም ይቀባል። ዝናብ ያገረጣው ፊደል ይደምቃል፣ የዛገው ምሰሶ ይፋቃል፣ እግሩ በኮንክሪት ስለተቀበረም ጎርፉ አልነቀነቀውም። ዘንድሮ መስከረም፣ ከቤቱ ላይ የወደቀው ምርጊት ገና በደጃፉ ተከምሮ ሳለ፣ ቀለም ቀቢው ክምሩ ላይ ቆሞ የላይኛውን መስመር ሲያድስ አይቻለሁ። ይህን የምጠቅሰው ለወቀሳ አይደለም። ከዝናብ በኋላ የሚደረግ ዓመታዊ እንክብካቤ ምን እንደሆነና ለምን እንደሚያስፈልግ መሥሪያ ቤትዎ ጠንቅቆ እንደሚያውቅ በእጄ ያለው ብቸኛ ማስረጃ ስለሆነ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከልካይ አያስፈልገንም እያልኩ አይደለም። ሚዛኔን ለመጠበቅ በእኛም በኩል ያለውን ልናገር። ቤቱ ከመመዝገቡ በፊት አክመል ግድግዳውን በሲሚንቶ ለመለሰን አስቦ ነበር፤ አሸዋም አስመጥቶ ነበር። በሲሚንቶ የታሸገ ጭቃ እርጥበቱን መተንፈሻ አጥቶ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ አንድ ሥልጣን ያለው ሰው መጥቶ «አይሆንም» ቢለው የቤቱ ባለውለታ ይሆን ነበር። ከአክመል ፍላጎት፣ ከእኔም ስንፍና፣ ከሐጃ ጀዋሂርም ርኅራኄ ነጻ የሆነ እንዲህ ያለ ሰው እንፈልጋለን። እርስዎ ግን የሚያበላሸውንና የሚያቆየውን በአንድ መስመር፣ በአንድ ቀለም ጽፈው ከለከሉ። የጠበቁልን የ2014ን ግድግዳ ነበር። የ2014 ግድግዳ በ2014 ክረምት አልቋል፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነበር። ቅርሱ ያን ግድግዳ በየዓመቱ የሚመልሰው እሑድ ነው፤ እሱንም ጭምር ነው የከለከሉት።

አሁን ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። ባዶው ማገር ሌላ ክረምት እንደማይችል ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሐጃ ጀዋሂር በክፍሌ ውስጥ ከእኔ አልጋ ትይዩ ተኝተው ዝናብ ባይኖርም ወደዚያ ግድግዳ ያዳምጣሉ። ባለፈው ሳምንት እንዲህ አሉኝ፦ «ቤቱ ቢወድቅ ሰው ሌላ ይሠራል። እነዚያ ሁለቱ ግን እንዲህ እንደሆኑ እኔ ከሞትኩ፣ አባቴ በምን ጉዳይ ትተሻቸው መጣሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ሰሌዳ ተተክሎ ነው ልበል?» ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል እንደወረደ አስተላልፌዋለሁ።

በዚህም መሠረት እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የምዕራቡን ግድግዳ እንመርጋለን። አፈሩ መጥቷል፤ ከወጨጫ ሥር ነው። ሐጃ ጀዋሂር ወደ ተፍኪ ልከው ጭድ ሲያስጠይቁ ኦቦ ቀጄላ «ጭዱ የአዴ ጀዋሂር ነው እንጂ የባለ ብረቱ አይደለም» የሚል መልእክት አስከትለው ልከውላቸዋል። አክመል በበኩሉ «ከውስጥ እቆማለሁ፤ ግን አላናግረውም» ብሏል። ሐጃ ጀዋሂርም «ማን አናግረው አለህ? ያዝ ብቻ በለው» ብለውታል። ሲሚንቶ አንነካም። መስኮትና ሰገነቱን አንነካም። ከቀድሞው ውፍረት አንጨምርም፤ ይህንን እኔ ራሴ እለካለሁ።

ድርጊታችን በሰሌዳው ላይ እንደተጻፈው እንደሚያስቀጣ እናውቃለን። ስለዚህ ከሁለት ነገሮች አንዱን በአክብሮት እንለምናለን፦ ወይ መጥተው እንዲያስቆሙንና ማስቆሙ ለምን እንደሚጠቅም በግድግዳው ፊት ቆመው እንዲያስረዱን፤ ወይ መጥተው ከተቋራጩ ጋር እንዲነጋገሩና የተነሣውን የመሠረት ድንጋይ ወደ ቦታው እንዲያስመልሱልን። ሁለተኛውን ከመረጡ ሥራው ነጻ ተቋምን የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እኛ ለተቋራጩ ብንናገር አይሰማንም፤ ሞክረነዋል። እንግዳ ሆነው ቢመጡም መልካም ነው፤ ባዶ እጅ ያለው ሰው በዚያ ቀን በዓለም ገና ቦታ አያጣም።

በመጨረሻም ለሰጡን ትኩረት፣ ለሰጡን ቀጠሮ፣ ለሰጡን ሰማያዊ ሰሌዳ፣ እንዲሁም ሊሰጡን አስበው በጥናት ላይ ላለው ሁሉ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ የጸና፣ ጤናዎ የተሟላ፣ የቢሮዎም ግድግዳ በየዓመቱ የሚታደስ እንዲሆን በመመኘት እሰናበታለሁ።

ከልብ ከምታከብርዎት፣
አሰጋሽ መኮንን
በሐጂ አብዶ ሰገነት ጓሮ ተከራይ፣ ለጊዜው የሐጃ ጀዋሂር አስጠጊ

ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ጥር 20 ቀን 2017፦ ይህ ደብዳቤ ጥር 13 ቀን በሰበታ ጽሕፈት ቤትዎ በእጄ ገቢ ሆኗል። ለሕዝብ በሚወጣው በዚህ ቅጂ ላይ የሚከተለውን ብቻ እጨምራለሁ። ምርጊቱ ተካሂዷል። ትልቁ ቀዳዳ ጋ አክመል ከውስጥ፣ ኦቦ ቀጄላ ከውጭ ቆመው ለረጅም ጊዜ ጭቃው መሬት ሲወርድ ቆየ፤ ሁለቱም አፋቸውን አልከፈቱምና። በኋላ አንድ ትልቅ እፍኝ ሾልኮ አክመል ጫማ ላይ ሲያርፍ ከውስጥ «ኦቦ ቀጄላ፣ ቆይ እንጂ፣ ያዝኩ ሳልልዎት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ያዝኩ በላ ታዲያ! ደግሞ ደገፍ አድርገው፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ምን ትዳብሰዋለህ?» አሉ ኦቦ ቀጄላ። ሐጃ ጀዋሂር ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆሙ። ማታ ላይ የብረቱ በር ሁለተኛ ቁልፍ ኦቦ ቀጄላ ኪስ ውስጥ ነበር። ግድግዳው እስኪደርቅ ሐጃ ከእኔ ጋር ናቸው። የመሠረቱ ድንጋይ ግን በጭቃ አይተካም፤ ከቦዩ ማዶ እንደተከመረ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ የቡራዩን መኪና ስንጠብቅ ውለናል፤ በሰሌዳው ሥርም ለሚመጣው ሰው አንድ ወንበር ባዶውን አኑረን ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ሊረዳን አልመጣም። ሊከለክለን እንኳ አልመጣም።